የሽማግሌው ኮከቦች

«እቴቴ፣ የሽማግሌውን እንደ ወትሮው ጣዪው።»

ይህን ያለው ባሏ ነው፤ ሽማግሌው የተባሉት ደግሞ አባቷ ናቸው። ትናንት ከሰዓት በኋላ አባቷ ረስተውት የሄዱትን የዓይን ጠብታ ይዛ ሁለቱም ወደሚሠሩበት የሥነ ፈለክ ጣቢያ ወጥታ፣ የስሌት ክፍሉን በር ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ነው የሰማችው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የባሏን ጀርባና የእቴቴን ጣቶች አየች። እቴቴ በዚያ ክፍል የሒሳብ ማሽን ስትመታ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ማሽኗን መምታቷን ቀጠለች፤ ወትሮን የለመደ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሚስትየዋም ያነሳችውን እጅ መልሳ፣ ጠብታውን ለዘበኛው ሰጥታ፣ ቁልቁለቱን ዞራ ሳታይ ወርዳ ቤቷ ገባች። ኮከብ መጣል ምን እንደሆነ የሚያስረዳት ሰው አላስፈለጋትም። የጎረቤት ልጆች በተረት ሲያድጉ እሷ «ዛሬ ስንት ኮከብ ያዝክ፣ አባዬ?» እያለች ነው ያደገችው። የያዘውን ሰው የሚያስቀና ኮከብ አለ፤ ደመና የሚነጥቀው ኮከብ አለ፤ የሚጣል ኮከብ ግን የያዘው እጅ ስላልታመነ ከስሌት የሚወጣ ነው። አባቷ እስከ ዛሬ አንድም ተጥሎባቸው እንደማያውቅ በኩራት ሲያወሩ ሰምታለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ኩርፊያ ብቻ ሆነ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ማድቤት ያለው የኪራይ ቤት ነው፤ እንዲህ ባለው ቤት ሁለት ሰው ከተኳረፈ ሦስተኛው መቆሚያ አያገኝም። ዳቦው ተቆርጧል፣ ሻዩ ተቀድቷል፣ የስፌት መኪናዋ ላይ የሰው ቀሚስ ግማሽ እጅጌ ይዞ ተንጠልጥሏል። ባልየው ሻዩን ቀመስ አድርጎ ስኳር እንደሌለው ሲያውቅ ቀና አለ። «ስኳር ጨምሯል» አለችው። «ቢጨምርስ?» «ቢጨምርማ፣ ስንቱን እችላለሁ?» ይህ ስለ ስኳር ብቻ የተባለ አልመሰለውምና ሻዩን እንደመረረው ጠጣው። አባቷ በበኩላቸው መስኮቱ ሥር መስታወታቸውን አስደግፈው ጢማቸውን ይላጫሉ። ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ እዚሁ ልጃቸው ቤት ነው የሚኖሩት። ከላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤት እንደ ልማዷ ግማሽ አካሏን በመስኮት አውጥታ፣ «ጋሼ፣ ሰዓቴ ቆማብኛለች፤ ስንት ሆነ?» አለች። የሴትዮዋ ሰዓት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ስትቆም እንዴት እንደማትጣል ማንም ጠይቋት አያውቅም። አባቷ ምላጩን ከጉንጫቸው አንስተው ነገሯትና፣ «ማታ በገዛ እጄ ከሰማይ ያወረድኩት ነው፤ እንዳታባክኚው!» አሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ቤቱ በሙሉ ይስቅ ነበር። ዛሬ የሳቀችው ጎረቤቷ ብቻ ናት።

ማድቤት ውስጥ ሚስትየዋ ባሏን ጥግ አስይዛ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ትናንት በሩ ላይ ነበርኩ። ሰምቼሃለሁ።»

ባልየው የትኛውን ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ ፊቷን ሲያይ ዘጋው። «ለሳቸው ብዬ እኮ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ለሳቸው ብለህ! በየማታው ብርድ ላይ ዓይኑን የሚያፈሰውን ሰው፣ ሥራውን ቆሻሻ ውስጥ እየወረወርክ፣ እዚህ መጥተህ ‹ደከሙ አባባ› ትለዋለህ። ዛሬ ፈተና የምትሉት ነገር ከመጀመሩ በፊት ትነግረዋለህ። ሰው ፊት ከሚዋረድ ከአንተ ይስማ። ካልነገርከው ማታ እኔ እነግረዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አንተን በምን ዓይን እንደማይህ አላውቅም።»

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቀችውም። ይህን ባለመጠየቋ ባልየው ትንሽ ቀለል አለው፤ ለምን እንዳልጠየቀች ግን አላሰበም።

ሥራቸው ለሰሚ ግር የሚል ነው። ኮረብታው ላይ ባለው ጣቢያ፣ ቀለሙ የተላላጠ ጉልላት ሥር፣ ከሰሜንና ከደቡብ መስመር ወዲያ ወዲህ የማይል ትልቅ መነጽር ተተክሏል። በመነጽሩ ውስጥ የሸረሪት ድር የሚያክሉ ክሮች አሉ። ኮከቧ ስትመጣና ክሩን ስትሻገር ተመልካቹ ቁልፍ ይጫናል፤ ምድር ቤት የተዘጋበት ዋናው ሰዓት ያንን ቅጽበት የወረቀት ጥቅልል ላይ ይወጋል። ኮከብ አትሳሳትም፤ የሚሳሳተው ሰዓቱ ነው። በምን ያህል እንደተሳሳተ ከታወቀ ግን ማንም ሰዓቱን አይነካውም፤ ስህተቱን አስበው ትክክለኛውን በሽቦ ወደ ከተማው ይልኩታል። ሬዲዮው እኩለ ቀን ላይ «ጢጥ፣ ጢጥ» የሚለው፣ ባቡሩ የሚነሳው፣ የትምህርት ቤቱ ደወል የሚጮኸው በዚያ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ እሱም ሰው ነው። ዓይን አይቶ ጣት እስኪጫን ትንሽ ይዘገያል፤ አንዱ ብዙ፣ አንዱ ጥቂት፣ ችኩል የሆነው ደግሞ ኮከቧን ቀድሞ ይጫናል። ይህን «የእጅ ልክ» ይሉታል። ጣቢያው ውስጥ መዘግየት አያሳፍርም፤ ልክህ ከታወቀ ተቀንሶ ይታረምልሃል። የሚያሳፍረው መዋዠቅ ነው፤ ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ የሚሆን እጅ በምንም አይታረምም። ሽማግሌው ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከሁሉም የሚዘገዩ ነበሩ፤ ነገር ግን ሁልጊዜ በዚያው በልካቸው ነው። «ጋሼ እርጉ» የሚል ቅጽል ስም የወጣላቸው በዚህ ነው፤ የገዛ ስማቸውን የደመወዝ ክፍሉ ካልሆነ የሚያስታውሰው የለም።

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ባልየው ከቤት ሲወጣ ንግግሩን አዘጋጅቶ ነበር፤ «አባባ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ፈልጌ ነበር» ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ስለ ዕድሜ ያነሳል፣ ከዚያ ሁላችንም እዚያው ነን ይላል። አማቱ ግን ፋታ አልሰጡትም። የሽንኩርት ዋጋ፣ የአውቶቡሱ ወንበር ስፖንጅ ተሰርቆ ብረት ላይ መቀመጣቸው፣ የልጃቸው ማኩረፍ፣ ሁሉም በየተራ ተነሳ። «ምን አደረግካት?» አሉት፤ «እናቷም እንዲህ ነበረች፤ ስትቆጣ ሳህን ነው የምትሰብረው፣ ሰው አትናገርም።» እሱም «ደህና ናት» አለ። ስለ ፈተናውም ያነሱት ራሳቸው ናቸው። አዲሷ ዳይሬክተር ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ መጋዘን ገብታ አቧራ የበላውን፣ ማንም እንዴት እንደሚሠራ የረሳውን የመብራት ኮከብ አስወጥታ አስጠገነችው። ትንሽ መብራት ናት፤ በክር ላይ ስታልፍ መሣሪያው ራሱ ያለፈችበትን ቅጽበት ይመዘግባል፤ ከዚያ ከሰውየው ጣት ጋር ይነጻጸራል። መሣሪያው ከተበላሸ ወዲህ ተመልካቾቹ የሚመዘኑት እርስ በርስ ብቻ ነበር። «የእኔ ኮንትራት የሚታደሰው በዛሬው ነው አሉ» አሉ ሽማግሌው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ። «ዓይኔ ውኃ ያፈሳል እንጂ እጄን አውቀዋለሁ። እንዲያውም ለአንተ ነው የማስበው፤ ሰው ሲያይህ ትደነግጣለህ።» ባልየው ፈገግ አለ። ያዘጋጀውን ንግግር ሳይጀምር መውረጃቸው ደረሰ።

እንዴት እንደጀመረው ለራሱ ብዙ ጊዜ አስረድቷል። ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በፊት የሁለቱ ተመልካቾች፣ የእሱና የአማቱ፣ ልዩነት መዋዠቅ ጀመረ። ድሮ ልዩነታቸው ቋሚ ነበር፤ እሳቸው በልካቸው ይዘገያሉ፣ እሱ በልኩ ይፈጥናል፣ አራት ነጥብ። ከዚያ አንዱ ሳምንት ከሌላው የማይገጥም ሆነ። እሱ ደግሞ የስሌት ክፍሉ ኃላፊ ሆኗል፤ ማታ ኮከብ ይይዛል፣ ቀን የሁለቱንም ያሰላል። የማን እጅ እንደተበላሸ ለማሰብ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም፤ ሰባ ሊሞላቸው የተቃረበ፣ ዓይናቸው የሚያለቅስ ሰው ከፊቱ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ የሳቸው ኮከቦች በስሌቱ የሚኖራቸውን ክብደት ግማሽ አደረገው። ከዚያ ሩብ። ከዚያ አንድ ቀን ለእቴቴ «ጣዪው» አላት፤ እሷም በማሽኗ ላይ ዓይኗን ተክላ «ይነገራቸው?» አለችው። «አያስፈልግም፤ ልባቸው ይሰበራል፣ ሥራቸውንም ያጣሉ» አላት። ያን ቀን ደግ ሥራ የሠራ መስሎት ለአማቱ ብርቱካን ገዝቶ ቤታቸው ድረስ ወስዶ ነበር። ሳይነግሩት ውለታ ለዋሉለት ሰው የሚሰማ ስሜት ደስ ይላል፤ ማታ ማታ ሽማግሌው ካፖርታቸውን ለብሰው ሲወጡ ከበስተኋላቸው እያየ ሆዱ ይባባ ነበር። ከልጃቸው ዓይን ጋር ከተጋጨ ወዲህ ነው ያ ሆድ መባባት ንቀት እንደነበረ የተገለጠለት፤ እሱም ዛሬ ጠዋት ነው።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ወደ ማሰራጫው ክፍል መጡ። የሚሠሩት ነገር የለም፤ ግን ይመጣሉ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ የናስ መቀያየሪያዎችና ወደ ከተማው የሚወርዱ ሽቦዎች፣ አንድ የተቀዳደደ የቆዳ ወንበር፣ አንድ ትንሽ ሬዲዮ። ወንበሩ ላይ አይቀመጡም፤ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ታች ያለውን ከተማ ያያሉ። ምልክቱ ሲወጣ፣ ጢጥታው በሬዲዮው ሲሰማ፣ ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቅሰው «በል ሂድ» ይላሉ፣ ልጁን ትምህርት ቤት እንደሚሸኝ ሰው። ባልየው ይህን ሁለት ዓመት አይቶታል፤ ስቆበትም ያውቃል። ዛሬ ከኋላቸው ቆሞ «በል ሂድ» ሲሉ ሲሰማ አንገቱ ጋለ። በዚያ ጢጥታ ውስጥ የሳቸው ጣት እንደሌለበት የሚያውቁት እሱ፣ እቴቴና ትናንት በር ላይ የቆመችው ሚስቱ ብቻ ናቸው። «አባባ» አለ። ሽማግሌው ዞሩ። «ምሳ በልተዋል?» አላቸው። «ገና ነው» አሉ። «እንብላ እንጂ።» በሉ። ሳይነግራቸው ተነሱ።

ሌላ መላ የቀረው መሰለው። ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገብቶ ቆመ። ወጣት ሴት አይደለችም፤ ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት የማትቆልል፣ ሰው ሲናገር የማታቋርጥ ሴት ናት። «ስለ ጋሼ ነው» አለ። «ትልቅ ሰው ናቸው፣ አማቴም ናቸው። በሰው ሁሉ ፊት ከሚፈተኑ በክብር ቢሰናበቱ ብዬ ነው። እጃቸው ከዋዠቀ ቆይቷል።»

«ምን ያህል ይዋዥቃሉ?»

«አንዳንዴ እስከ አንድ አምስተኛ ሴኮንድ።»

«ከማን አንጻር?»

«ከእኔ።»

ዳይሬክተሯ እስኪሪብቶዋን አስቀመጠች። «እርስዎስ ከማን አንጻር?»

ባልየው ፈገግ አለ፤ ጥያቄውን እንደ ቀልድ ነበር የወሰደው። ገና አርባ ሦስት ዓመቱ እንደሆነ፣ መነጽር እንኳ እንደማያደርግ ነገራት። እሷም አዳመጠችውና፣ «እንግዲያውስ እርስዎም ይቀመጣሉ» አለችው። «እሳቸው ይቅደሙ፤ ቀጥሎ እርስዎ።» ደስ እያለው እንደሚቀመጥ ተናገረ። ኮሪደሩ መሃል ሲደርስ ግን እግሩ ዘገየ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ነገር፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ትዝ አለው። ሐሳቡን ወዲያው አባረረው፤ ሰው ስለ ራሱ የሚመጣበትን ሐሳብ ለማባረር ሁልጊዜ ጉልበት አያጣም።

የፈተናው ክፍል መጋረጃው ተዘግቶ ጨልሟል። በአንድ ጥግ መሣሪያው፣ በሌላው ጥግ የእቴቴ ጠረጴዛና የተሸፈነች መብራቷ። ሜካኒኩና የማሰራጫው ሠራተኛ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ዳይሬክተሯ በር አጠገብ ተቀምጣለች። ሽማግሌው ካፖርታቸውን አውልቀው ለአማቻቸው አስያዙት። ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ፣ ወደ ኋላ ገፋ አድርገው እንደ ልባቸው አስተካከሉት፤ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አሳረፉ። ከዚያ በኋላ ሰው እዚያ ያለ አይመስልም ነበር። ትንሿ መብራት ትመጣለች፣ ክሩን ታልፋለች፣ ቁልፉ ቀጭ ይላል፤ ደግማ ትመጣለች፣ ቀጭ። ባልየው ካፖርቱን አቅፎ ከኋላ ቆሞ፣ ሽማግሌው ሲወድቁ ምን ብሎ እንደሚያጽናናቸው ያስባል። ‹አይዞዎት አባባ፣ ዕድሜ ነው› ይላል፤ ክንዳቸውን ይይዛል፤ ቤት ይዟቸው ይሄዳል። ሚስቱም ይህን ስታይ ትለሳለሳለች። እቴቴ ወረቀቱን ቆርጣ መብራቷ ሥር ዘረጋችው፣ በማስመሪያዋ ለካች፣ ማሽኗን መታች፣ ደግማ መታች። ነጥቦቹ ከሩቅ እንኳ ይታዩ ነበር፤ በስፌት መኪና እንደተሰፉ ተሰልፈዋል።

«እጃቸው እንደ ድሮው ነው» አለች እቴቴ። «ይዘገያሉ። በዚያው በልካቸው።»

ሽማግሌው ዞረው ፈለጉት። ከሁሉ አስቀድመው እሱን ነው የፈለጉት። «አላልኩህም?» አሉት፤ ፊታቸው በጨለማው ውስጥ ሳይቀር ያበራ ነበር። «አንተ ደግሞ በከንቱ ስትጨነቅልኝ ዋልክ፤ ምሳህን እንኳ በወጉ አልበላህም።» ባልየው ካፖርታቸውን መልሶ ሰጣቸውና ተቀመጠ። ወንበሩ ሞቆ ነበር። መብራቷ መጣች፤ ጣቱ ተጫነ። ደግማ መጣች፤ አሁን የፈጠነባት መሰለው፣ ለቀጣይዋ ታገሠ፣ መታገሡን አበዛው፣ ለሌላዋ ቸኮለ። እጁ የራሱ አልመስልህ አለው። ሲጨርስ ማንም ሳይነግረው ያውቀው ነበር። እቴቴ ወረቀቱን ለመዘርጋት ብዙ ጊዜ ወሰደች። ነጥቦቹ እንደ ተበተነ ጥሬ ግማሹ ከመስመሩ በላይ፣ ግማሹ ከመስመሩ በታች ወድቀዋል። ዳይሬክተሯ «አንዴ ይድገሙት» አለች፤ ደገመው፤ ያው ሆነ።

ክፍሉ ውስጥ ሜካኒኩ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ተሰማ። ሽማግሌው ወደ ዳይሬክተሯ ዞሩ። «ሌሊቱን አልተኛም እሱ» አሉ። «ከልጄ ጋር ተኳርፈው ነው ያደሩት፤ የተኳረፈ ሰው እጅ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። ነገ ይደገምለት።» አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ዳይሬክተሯም ፈገግ አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደነበረ ነው። «ነገም ይደገማል። ሁለት ሰው ሲለያይ ልዩነቱ የማን እንደሆነ ልዩነቱ ራሱ አይናገርም፤ ስለዚህ ነው መሣሪያውን ያስጠገንኩት። ለማንኛውም ያለፈውን ስሌት መልሰን እናየዋለን። የሁለታችሁን ኮከቦች ስታሰሉ ክብደታቸው እንዴት ነበር? እኩል?»

እቴቴ ጣቶቿን ማሽኑ ላይ አሳርፋ አንገቷን ደፋች። ‹እኩል› ማለት ይቻል ነበር፤ አንድ ቃል ናት፣ ከሁለት ዓመት ዝምታ ጋር ስትነጻጸር ምንም አይደለችም። ባልየው አማቱን አያቸው። ሽማግሌው በጥያቄው አልተጨነቁም፤ እንዲያውም የሚመልሰው አጥቶ እንዳይሆን ፈርተውለት ‹በል እንጂ ንገራት› በሚል ዓይን ይመለከቱታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር።

«የእኔን ብቻ ነው» አለ።

«የሳቸውስ?»

«እጥለው ነበር።»

ሽማግሌው አልገባቸውም። «የትኛውን?» አሉ፣ አንድ የተበላሸ ኮከብ እንዳለ ለማጣራት ይመስል።

«ሁሉንም፣ አባባ። ሁለት ዓመት ሆነው።»

ዳይሬክተሯ መጋረጃው እንዲገለጥ በእጇ ምልክት ሰጠች፤ የቀን ብርሃን ሲገባ ሁሉም ሰው የሚያየው ነገር ፈልጎ ወደየአቅጣጫው አየ። ሽማግሌው ካፖርታቸውን ለበሱ። ኮፍያቸውን ዙሪያውን ፈለጉ፤ እጃቸው ላይ ነበር። ለእቴቴ «ደህና ዋይ» አሏት፤ እሷም ከወንበሯ ብድግ ብላ ቆማ ቀረች። ዓይኖቿ ቀልተው ነበር። ጋሼ እርጉ ኮንትራታቸው እንደታደሰ እንኳ ሳይጠይቁ ወጡ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሁለት እርምጃ ከኋላቸው ሄደ። ምን እንደሚል አያውቅም፤ ያዘጋጃቸው ቃላት በሙሉ ለሌላ ሰው፣ ለወደቀ ሰው የተዘጋጁ ነበሩ። ‹ይቅርታ› የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ዞረና ትንሽነቱ አሳፈረው። ማቆሚያው ላይ አንዲት ሴት ሁለት ከረጢት ድንች አስቀምጣ ትጠብቃለች፤ ለሽማግሌው ቦታ ለቀቀችላቸው፣ እሳቸው ግን አልተቀመጡም። ቆዩና ፊታቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ ተናገሩ።

«ያቺ የአምና ክረምቷ ኮከብስ? ያን ምሽት የያዝኳት?»

የትኛዋን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። አምና ክረምት ሰማዩ ለሳምንታት ተዘግቶ፣ ዋናው ሰዓት ያለ አንዲት ኮከብ በግምት ሲሄድ ከርሞ ነበር። አንድ ምሽት ዝናቡ አባርቶ ጉሙ ተገለጠ። የሽማግሌው ሚስት ታመው ተኝተው ነበር፤ እጃቸውን ይዘው «ዛሬን ቅርልኝ» አሏቸው። ልጃቸውም ለመነቻቸው። እሳቸው ግን ከተማው ሰዓት የለውም፣ አንዲት ብቻ ይዤ እመለሳለሁ ብለው ወጡ፤ አንዲት ብቻ ያዙ፤ ሲመለሱ ሚስታቸው አርፈዋል። ልጃቸው አንድ ወር ሙሉ አላናገረቻቸውም። ከዚያ አንድ ቀን የእኩለ ቀኑ ጢጥታ በሬዲዮ ሲሰማ የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ «ይህ እማዬ የከፈለችበት ነው» ብላ አልቅሳ ታረቀቻቸው። ባልየው ያን ጊዜ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ያቺ ኮከብ በዚያ ጢጥታ ውስጥ እንደሌለች እያወቀ፣ ለሚስቱ መሐረብ አቀብሏት ነበር።

ሊዋሽ ይችል ነበር። ሽማግሌው ለማመን ተዘጋጅተው እንደሚጠብቁት ከትከሻቸው ያውቃል።

«እሷንም፣ አባባ» አለ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደ መስማማት ነው እንጂ እንደ መናደድ አልነበረም። አውቶቡሱ መጣ። የሴትዮዋን አንዱን የድንች ከረጢት አንስተው አሳፈሩላት፣ ከጎኗም ተቀመጡ። ባልየው ከኋላ ቆሞ ሄደ። እስከ ሰፈራቸው ድረስ ሽማግሌው ከሴትዮዋ ጋር ስለ ድንች ዋጋ ሲያወሩ ይሰማ ነበር፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው፣ የሚያወሩት ግን ምን እንደሆነ ራሳቸው የሚሰሙ አይመስልም።

ሚስትየዋ በሩን የከፈተችው ሳያንኳኩ ነው፤ ኮቴያቸውን ደረጃው ላይ ስትጠብቅ ቆይታለች። አንዴ አባቷን፣ አንዴ ባሏን አየች። ባልየው ዓይኑን መሬት ላይ ጥሏል። ሊናገር አፉን ሲከፍት ሽማግሌው ቀደሙት፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲዘገዩ የኖሩት ሰውዬ።

«ነገረኝ፣ ልጄ» አሉ ካፖርታቸውን እያወለቁ። «ሁሉንም ነግሮኛል። ፈተናውንም አለፍኩ፤ እጄ እንደ ድሮው ነው አሉ። እሱም ተሳስቶ ነው፣ ስህተቱን በሰው ሁሉ ፊት አመነ፤ ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።»

ሚስትየዋ የአባቷን እጅጌ ያዘች። ድምፅዋ ሲወጣ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ አባዬ? ከመቼ ጀምሮ ነው የጣለብህ?»

«ዘንድሮ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ሳያመነቱ። «ይህ ክረምት ከወጣ ወዲህ። ጥቂት ናቸው። ከዚያ በፊት የያዝኩት ሁሉ በቦታው ነው።»

በሩ ላይ እንደቆመች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ሌሊቱን በሙሉ የእማዬን ኮከብ ሳስብ ነው ያደርኩት» አለች በእጆቿ መሃል። «ትናንት ያን ከሰማሁ ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም። እሷም ተጥላ ከሆነ ምን እሆናለሁ ብዬ ነበር።» እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤ ከዚያ ዞራ የባሏን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ያ እጅ ቀኑን ሙሉ በርዶ ነበር። «አንተንም ክፉ አሰብኩብህ፤ የማትነግረው ነበር የመሰለኝ። ሰው ነህ። እግዚአብሔር ይባርክህ።»

ባልየው ከትከሻዋ በላይ አማቱን አያቸው። ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ ቆመው ውጪ ውጪውን ያያሉ፤ የረጋው እጃቸው የመስኮቱን ፍሬም ይዞ ይንቀጠቀጣል። የተመረቀ ሰው ዝም አይልም፤ ሚስቱም እጁን ሳትለቅ ትጠብቃለች።

«አሜን» አለ።